ስሟ ያልታወቀ ጥንዚዛ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ባልንጀራችን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ጎጃም ሄዶ ሲመለስ በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ሦስት ጥንዚዛዎች ይዞ መጣ። ጥንዚዛዎቹ ከጮቄ ተራራ፣ ከድንጋይ ሥር የተለቀሙ፣ አልኮል ውስጥ የተነከሩ፣ ቀለማቸው እንደ ቡና፣ መጠናቸውም ከስንዴ ቅንጣት የሚያንስ ነበሩ። ምሳ ላይ ብልቃጡን ገበታው ላይ ባቆመው ጊዜ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ያደረግነውን መናገር ያሳፍረናል፤ ሳቅን። አንዱ «አልጫ ነው ቀይ ወጥ የሚሆነው?» አለ። ሌላው «አገር ስንት የሚቈጠር ችግር እያለባት አንተ የጥንዚዛ እግር ትቈጥራለህ?» አለ። ባልንጀራችን አልተቈጣም። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «እግሯንስ ቈጥሬያለሁ፤ ስሟን የሚነግረኝ ነው ያጣሁት» ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ንግግር ከጆሮአችን አልወጣም። ስም ማለት የእኛ ነገር ይመስለን ነበርና። ቋንቋ የምንማረው እኛ፣ ሰዋስው የምንቈጥረው እኛ፣ የድሮ ጽሑፍ የምናገላብጠው እኛ ነን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው፤ የጥንዚዛን ስም ግን ሰው ካላወጣው መልአክ እንደማያወጣው ከባልንጀራችን ተረዳን። ስለዚህ ጠይቀንም አንብበንም የደረስንበትን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በደጋ ተራሮቻችን ላይ የምትኖር አንዲት ብርቅ ጥንዚዛ ማን እንደ ሆነች ለይቶ በቦታዋ መመደብ የሳይንስ ፋኩልቲ የግል ጨዋታ አይደለም። የአገርን ሀብት በስሙ የመመዝገብ ሥራ ነው፤ በዚህም ሥራ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ድርሻ አለው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚከብድ እንናገር። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች 400,000 ገደማ ናቸው። ስም ካላቸው እንስሳት ሁሉ ከአራቱ አንዱ ጥንዚዛ ነው ማለት ይቻላል። ከነዚህም ውስጥ በምድር ላይ እየሮጡ የሚያድኑት፣ ሊቃውንት ካራቢዴ የሚሏቸው፣ ለብቻቸው 40,000 ያህል ይሆናሉ። የባልንጀራችን ጥንዚዛዎች ከዚህ ቤተ ሰብ ናቸው። እስከዚህ መድረስ ከባድ አይደለም።

ቀጥሎ ራሷን በማይክሮስኮፕ ያዩአል። በግንባሯ ላይ ዓይኖቿን እስከ ኋላ የሚያቅፉ ሁለት ጥልቅ ቦዮች ካሉ፣ ከእያንዳንዱ ዓይን በላይ ሁለት ሁለት ረዣዥም ፀጕሮች ከቆሙ፣ የክንፍ ሽፋኗም መስመር ጫፍ ደርሶ ወደ ፊት ከታጠፈ፣ ትሬኪኒ ከሚባለው ነገድ ናት። ከዚያም መጽሐፉ «ይህ ቢኖር ወደዚህ እለፍ፤ ባይኖር ወደዚያ ሂድ» እያለ፣ መንገደኛን ከመንታ መንገድ ወደ መንታ መንገድ እንደሚመራ ሰው፣ ትሬኩስ ወደሚባለው ወገን ያደርሳል። ባልንጀራችን እስከዚህ ድረስ ብቻውን ደርሷል።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይጠባል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብዙ የትሬኩስ ዝርያዎች አሉ፤ በውጭ መልካቸው ግን እንደ መንታ ልጆች ናቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው። ወንዱ በፊት እግሩ መርገጫ ይታወቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ሰፋ ይላሉና። ከዚያም አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነችውን ብልት በቀጭን መርፌ አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ ከጎንና ከላይ ሥሎ ከሌሎቹ ሥዕሎች ጋር ማስተያየት ነው። በትሬኩስና በዘመዶቹ ላይ ይህን አካሄድ በሰፊው የሠራበት ፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔል ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1912 በምሥራቅ አፍሪካ ረዣዥም ተራሮች ላይ ጥንዚዛ የለቀመ፣ በ1932 እና በ1933 ደግሞ ከኦሞ የሳይንስ ጓድ ጋር ወደ አገራችን የመጣ ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ላይ የዘር ቅንጣት ምርመራ ተጨምሯል። ከእያንዳንዱ እንስሳ አንዲት አጭር የዘር ቅንጣት ወስዶ እንደ መታወቂያ መጠቀም እ.ኤ.አ. በ2003 ከታሰበ ወዲህ፣ ከአንዲት እግር ብቻ ብዙ ይነበባል። ይሁን እንጂ የሚነበበው ሁሉ ከሌላ ጋር ካልተመሳከረ ትርጕም የለውም። ባልንጀራችንን ያቆመው ይኸው ነው፤ መሣሪያ አላጣም፤ ማመሳከሪያ አጣ።

ይህ ማመሳከሪያ ምን እንደ ሆነ ስንሰማ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ልባችን ተነካ። የእንስሳት ስም አወጣጥ ከስዊድናዊው ሊኔዎስ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1758 ከታተመው ዐሥረኛ እትም ይጀምራል። ዛሬ ለአንድ ዝርያ ስም የሚያወጣ ሰው ስሙን የሰጠባትን አንዲት እንስሳ ለይቶ ያስቀምጣል። ያቺ ናሙና ለዘለዓለም የስሙ መሠረት ናት። መግለጫው ቢሳሳት፣ ሥዕሉ ቢበላሽ፣ ሊቃውንት ቢከራከሩ፣ የሚፈረደው ወደ እርሷ ተሂዶ ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም ቢያወጡ ደግሞ የቀደመው ይጸናል፤ የኋለኛው ይወድቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ከግዕዝ ጽሑፍ ጥናት በምን ይለያል? አንድ ገድል በዐሥር ቅጅ ቢገኝ፣ ጸሐፊው የቱ ጋ እንደ ተሳሳተ፣ የቱ ጋ እንደ ጨመረ የሚታወቀው ቅጅን ከቅጅ፣ ቅጅንም ከእናት መጽሐፉ በማስተያየት ነው። እናት መጽሐፉ ሩቅ አገር ከሆነ ተማሪው ወይ ባሕር ይሻገራል፣ ወይ በሰው ቃል ያምናል። ጥንዚዛም እንዲሁ ናት። የተራሮቻችን ጥንዚዛዎች እናት ቅጅ በብዛት ያለው በሎንዶን፣ በፓሪስና በሌሎች የአውሮፓ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይህን ስንል የሚቸኵል ሰው «ሰረቁን» ብሎ እንዳይነሣ እንለምናለን። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በጦር ኃይል የተወሰዱት መጻሕፍት ነገር ሌላ ነው። የጥንዚዛዎቹ ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል እንግሊዛዊውን ሂው ስኮትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 ወደ ጋሞ አገር፣ ወደ ጉጌ ተራራ ወጣ፤ በ1952 እና በ1953 ደግሞ የሰሜንን ተራሮች ዞረ። ወደ ሰሜን ሲወጣ ዕድሜው 67 ዓመት ነበር። በዚያ ዕድሜ በብርድና በውርጭ ድንጋይ እየገለበጠ ነፍሳትን ለቀመ፤ የለቀመበትን ቦታና ከፍታ ጻፈ፤ ለሊቃውንት አከፋፈለ፤ ታሪኩንም አሳተመ። እርሱ ባይለቅም ኖሮ ዛሬ የምናመሳክረው ራሱ ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችን «ለምን ወሰደ?» የሚል አይደለም። ጥያቄያችን «ከእርሱ በኋላ እኛስ ድንጋይ ስንት ገለበጥን?» የሚል ነው።

ድንጋይ ለሚገለብጥ ደግሞ ገና ብዙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ የጀርመን የነፍሳት ጥናት መጽሔት ላይ ከዚሁ ከጮቄ ተራራ የተገኘች ጥንዚዛ ታትማለች። አዲስ ዝርያ ብቻ አይደለችም፤ አዲስ ወገን ሆና ተገኘች። ስሟም ቤህሪያ ሴፓራታ ተባለ፤ ሴፓራታ በላቲን «የተለየች» ማለት ነው። ከጽሑፉ አዘጋጆች መካከል ኢትዮጵያውያን መኖራቸው ደስ አሰኝቶናል። ነገር ግን አስቡት፤ ሰው ለብዙ ዘመን ሲያርስበት፣ ሲያሰማራበት፣ ታቦት ሲያነግሥበት በኖረ ተራራ ላይ እስከ 2023 ድረስ ስም ያልነበረው አንድ ሙሉ ወገን ነበረ። የባልንጀራችን ብልቃጥ እርሷን ይያዝ፣ ሌላ የታወቀች ዝርያ ይያዝ፣ ወይም ማንም ያላያትን ይያዝ፣ እኛ አናውቅም። እርሱም አያውቅም። ከሣቃችን ይልቅ ማስቈጨት የነበረበት ይህ ነው።

አሁን ወደ «ብርቅ» እንምጣ። ብርቅ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል። አንዳንዱ ጥንዚዛ በእውነት ብርቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥንዚዛው ሳይሆን ፈላጊው ነው ብርቅ። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ደጋግሞ በመሄድ፣ ደጋግሞ በመፈለግ ብቻ ነው። የሆነ ሆኖ የተራራ ጥንዚዛ በተፈጥሮው ለብርቅነት የተመቸ ነው። ብዙዎቹ ክንፋቸው ጠፍቷል ወይም ደክሟል፤ መብረር አይችሉም። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በማዴይራ ደሴት ከሚታወቁት 550 የጥንዚዛ ዝርያዎች 200ው መብረር እንደማይችሉ ጽፏል፤ የሚበርረውን ነፋስ ወደ ባሕር ስለሚወስደው ይሆናል ብሎም ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ አሜሪካዊው ዳርሊንግተን የተራራና የደሴት ጥንዚዛዎችን አስተያይቶ፣ በጠባብና በማይለወጥ ስፍራ ለሚኖር ክንፍ ከጥቅሙ ወጪው ሊበልጥ እንደሚችል አስረዳ። በእርግጥም ደጋ ተራራ ደሴት ነው፤ ባሕሩ ቈላው ነው። ከጮቄ ተነሥታ በእግሯ ወደ ሰሜን ተራሮች ልሂድ የምትል ጥንዚዛ በጣና ዙሪያ ያለውን፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ የሆነውን ሙቅ አገር ማቋረጥ አለባት። ወደ ሸዋ ልሻገር ብትል የዓባይ በረሃ ይጠብቃታል። ወደ ባሌ ብትል በተጨማሪ ስምጥ ሸለቆ አለ። ስለዚህ በተወለደችበት ተራራ ትኖራለች፤ እዚያው ትለያለች፤ እዚያው ትጠፋለች።

መጥፋቷም ተረት አይደለም። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት በ2 ዲግሪ ቢጨምር፣ የለመደችውን ብርድ የምትከተል ጥንዚዛ 330 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይኖርባታል። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። 3,900 ሜትር ላይ የምትኖረው ወዴት ትወጣለች? ከበላይዋ ሰማይ ነው። ከበታችዋም የገብሱ ማሳ ወደ ላይ ይመጣል፤ አስታው ለማገዶ ይቈረጣል፤ ጓሳው ይታጨዳል። ገበሬውን አንወቅስም፤ መሬት የጠበበው ሰው ወደ ላይ ማረሱ አይቀርም። የምንለው፣ ከአፍሪካ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው፤ በዚያ ላይ ያለውን ሳይመዘግብ የሚያጣ ሰው ምን እንዳጣ እንኳ አያውቅም። ዋልያው ቢጠፋ ዓለም ይጮኻል። ስም የሌላት ጥንዚዛ ብትጠፋ ግን ማን ሞተ ተብሎ ይለቀሳል?

እዚህ ላይ «ሕዝብ የሚበላው ሳያገኝ ስለ ጥንዚዛ ስም?» የሚለው ባልንጀራችን ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የእኛም ጥያቄ ነበር። መልሱን ከጎተራ እናምጣለት። ነቀዝ ጥንዚዛ ነው። በእናቶቻችን ጎተራ እህሉን ወደ ዱቄት የሚለውጠው ነቀዝ ከነባልንጀራችን ብልቃጥ ጋር በአንድ ክፍል የሚመደብ ነው። የበቆሎ ነቀዝና የሩዝ ነቀዝ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች በመልክ ከመመሳሰላቸው የተነሣ ሊቃውንት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ያደባልቋቸው ነበር። እርግጠኛ ሆኖ የሚለያቸው ምን ሆነ? የወንዱ ብልት ነው፤ የበቆሎው ነቀዝ በላዩ ላይ ሁለት ቦዮች አሉት፤ የሩዙ ለስላሳ ነው። ጠላትህን ሳትለይ የጠላትህን ልማድ አታውቅም፤ ልማዱን ሳታውቅም መድኃኒቱን በግምት ትረጫለህ። እንግዲህ በጮቄ ጥንዚዛ ላይ ዓይኑንና እጁን ያሠለጠነ ተማሪ ነገ በጎተራው ነቀዝ ላይ የሚሠራው ያው ሰው ነው። ለተራራው አንድ፣ ለጎተራው ሌላ ሊቅ የምናፈራበት ሀብት የለንም።

ታዲያ የእኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድርሻ ምንድር ነው? ብዙ ነው። በየጥንዚዛው ሥር በመርፌ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። በወረቀቲቱ ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የለቃሚው ስም ይጻፋል። ወረቀት የሌላት ጥንዚዛ ሬሳ ብቻ ናት፤ ወረቀት ያላት ምስክር ናት። በድሮዎቹ ወረቀቶች ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው «አቢሲኒያ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የቦታ ስም ሲኖርም እንግሊዛዊው እንደ ሰማው፣ ፈረንሳዊው እንደ ሰማው፣ ጣሊያናዊውም እንደ ሰማው ጽፎታል፤ አንድ ቀበሌ ሦስት ቦታ ይመስላል። «ሰሜን» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። የጎንደር አገር ስም ነው ወይስ የአቅጣጫ ስም? አንድ እንግዳ ሰው ወደ ሣሩ እያመለከተ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ እረኛው «ጓሳ» ይለዋል። እንግዳው የቦታው ስም መስሎት ቢጽፈው፣ በመንዝ ጓሳ የሚባል ቦታ አለና፣ ጥንዚዛዪቱ ባልረገጠችው ተራራ ላይ ተወልዳ ትቀራለች። ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ማይክሮስኮፕ አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ አገሩን የሚያውቅ፣ የድሮ የመንገደኛ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቻችን የሳይንስ ስም በፈረንጅ ብቻ የሚወጣ ይመስለናል። የስም አወጣጡ ሕግ ግን ስሙ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ እንጂ ቃሉ ከላቲን እንዲመጣ አያስገድድም። መግለጫውም በሰፊው በሚነበብ ቋንቋ ቢሆን መልካም ነው ይላል እንጂ ሌላውን አይከለክልም። ጥንዚዛዪቱ በተገኘችበት አገር ቃል ብትጠራ የሚከለክላት የለም። የከለከላት እስከ ዛሬ የአጥኚ ማነስ ነው።

ሕግም የለም እንዳይባል፣ በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ስለ ብዝኀ ሕይወት ሀብታችንና ስለ ማኅበረ ሰቡ ዕውቀት ደንግጓል። አዋጅ ግን ጥንዚዛ አያስቀምጥም። ጥንዚዛ የሚያስቀምጥ መሳቢያ፣ መሳቢያውን ከብል የሚጠብቅ ሰው፣ ሰውየውን የሚተካ ተማሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ከሳይንስ ፋኩልቲ ጋር ተነጋግሮ አንድ ቍልፍ ያለው ቁም ሣጥን ያስፈቅድ። ከትንሽ ይጀመር። በየዕረፍቱ ወደ ደጋ አገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች አስፈላጊው ፈቃድ ወጥቶላቸው፣ በተከለለ የዱር አራዊት ስፍራ ሳይገቡ፣ ጥቂት ናሙና ከሙሉ ወረቀቱ ጋር ያምጡ። ድንጋይ የገለበጠ ሁሉ ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልስ፤ ለብዙ ፍጥረት ቤት ነውና።

ሁለተኛ፣ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች የደጋ ተራሮችን የቦታ ስሞች መዝገብ እንጀምር። እያንዳንዱ ስም ባገሬው አነጋገር በፊደላችን ይጻፍ፤ ከጎኑ የድሮ መንገደኞች በየቋንቋቸው የጻፉት መልኩ ይታከል። ይህ መዝገብ ለጥንዚዛ ብቻ ሳይሆን ለዕፀዋት፣ ለታሪክ፣ ለካርታም ያገለግላል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ አገር ለጥናት የሚመጡ ሊቃውንት ከሚወስዱት ናሙና ከፊሉን፣ ከሚያሳትሙትም ጽሑፍ አንድ አንድ ቅጅ እዚህ እንዲያስቀምጡ ዩኒቨርሲቲያችን በትሕትና ነገር ግን ሳይሰለች ይጠይቅ። መልካም ሊቅ ይህን አይጠላም። አስቀምጡ ስንል ግን የምናስቀምጥበት ይኑረን፤ እንግዳ ተቀብሎ መደብ የሌለው ባለቤት ያፍራል።

ይህን ጽፈን ስንጨርስ ወደ ባልንጀራችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ብልቃጡን አሳየን። በብልቃጡ ውስጥ፣ ከጥንዚዛዎቹ ጋር፣ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ወረቀት አየን፤ ቀኑ አለ፤ ከፍታው አለ፤ «ጮቄ» የሚል አለ። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ የዝርያው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። «ለምን አንዱን ግምት አትጽፍበትም?» ብንለው፣ «የማላውቀውን ከምጽፍ ባዶውን ብተወው ለሚመጣው ሰው ይሻለዋል» አለን። እኛም ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት የሚመጣው ሰው ከዚሁ ግቢ እንዲሆን እንመኛለን። ለጊዜው ግን ቁም ሣጥኑ ይገዛ።